የኮሎራዶን ወንዝ ውል እንዴት እናንብበው? ከግቢያችን ሳር እስከ 1922

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሳር እየነቀልኩ ነው የምኖረው። የሰው ግቢ ገብቼ ሳሩን አነሳለሁ፣ ጠጠር አለብሳለሁ፣ በረሃ የሚችል ተክል እተክላለሁ፣ የጠብታ መስኖ እዘረጋለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት ቤት ስሠራ ቡና አፍልተው ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ሳሬን ሳስነቅል እነዚህ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ለምንድን ነው ገንዘብ የሚሰጡኝ? በኔ ሳር ምን አገባቸው?»

«እማማ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ውል ነው ምክንያቱ። ነገሩ ረጅም ነው።»

«ገና አቦሉ ነው። በረካ እስኪደርስ ተናገር።»

የውሃ ሂሳባቸው የመጣበትን ፖስታ ገልብጬ ወንዙን ሳልኩላቸው። ይኼ ጽሑፍ ያ ፖስታ ነው። የተጻፈው ለቬጋስ ሰው ብቻ አይደለም። ዴንቨር፣ ፊኒክስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳንዲያጎ ወይም አልበከርኪ የምትኖሩ ሁሉ ቡናችሁን የምታፈሉት ቢያንስ በከፊል በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ነው። 40 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ወንዝ ይጠቀማል።

እኔ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው ያደግኩት። አባዬ ለብዙ ዓመታት የውሃ አባት ነበር። የማን ተራ እንደደረሰ፣ የማን ቦይ እንደሚዘጋ እሱ ነው የሚናገረው። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ «ሰባት ስቴቶች አንድ ወንዝ ይካፈላሉ» ሲባል ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ጥያቄዎቹ ያው የአባዬ ጥያቄዎች ናቸው። ወረቀቱን ይዛችሁ አንድ በአንድ ጠይቁት።

መጀመሪያ የሚለካበትን ቦታ ፈልጉ

የወንዝ ውል ስታነቡ ከቁጥሩ አትጀምሩ። ውሃው የት ላይ ቆመው ነው የሚለኩት? እሱን ፈልጉ። ከዚያ ቦታ በላይ ያለው ሰው አንድ ወገን ነው፣ በታች ያለው ሌላ ወገን።

በኮሎራዶ ወንዝ ቦታው ሊ ፌሪ ይባላል። ሰሜን አሪዞና ውስጥ ነው፣ ከግሌን ካንየን ግድብ ትንሽ ወረድ ብሎ። ውሉ የፓሪያ ወንዝ ከሚገባበት አንድ ማይል ዝቅ ብሎ ይለዋል። ከዚያ በላይ ያሉት የላይኛው ተፋሰስ ስቴቶች ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ ዋዮሚንግና ኒው ሜክሲኮ ናቸው። ከዚያ በታች ደግሞ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያና ኔቫዳ አሉ። በፖስታው ላይ አንድ መስመር አስምሩና የላይና የታች ብላችሁ ጻፉ። ግማሹ ሥራ አለቀ።

ውሉ የተፈረመው ኖቬምበር 24፣ 1922 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ውስጥ ነው፤ ድርድሩ የተካሄደው ከከተማዋ አጠገብ ባለ ቢሾፕስ ሎጅ በሚባል ሆቴል ነው። ስብሰባውን የመራው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነበር። ሐሳቡን ያፈለቀው ግን የኮሎራዶው ጠበቃ ዴልፍ ካርፔንተር ነው። ለምን መሰላችሁ? ፈርቶ ነው። በምዕራቡ አሜሪካ ያለው የውሃ ሕግ «ቀድሞ የጠለፈ ቀድሞ ይጠጣል» ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋዮሚንግና በኮሎራዶ ክርክር ይኼ ሕግ ሕጉን በሚከተሉ ስቴቶች መካከልም ይሠራል ብሎ ወሰነ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በፍጥነት እያደገች ነበር። የላይኞቹ ተራራቸው ላይ በረዶ እያላቸው ውሃቸው በሕግ የሌላ ሰው ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ ሩጫው ሳያልቅ ድርሻችንን እናስከብር አሉ።

ስቴቶች እንዲህ ያለ ውል ሲዋዋሉ ኮንግረስ መፍቀድ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ከተፈቀደ በኋላ ውሉ ሕግ ነው። አንዱ ስቴት በራሱ ፓርላማ ሊሽረው አይችልም።

በቁርጥ ነው ወይስ በድርሻ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አገር ቤት መሬት የሚከራየው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቁርጥ ነው። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ይኼን ያህል ኩንታል ትሰጠኛለህ። ሌላው በእኩል ወይም በሲሶ ነው። ከተገኘው ይካፈላሉ፤ ከጠፋ ለሁለቱም ይጠፋል። የወንዝ ውልም እንደዚሁ ነው።

የ1922ቱ ውል የቁርጥ ውል ነው። ለላይኛው ተፋሰስ በዓመት 7.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት፣ ለታችኛው 7.5 ሚሊዮን፣ ለታችኛው ደግሞ ተጨማሪ 1 ሚሊዮን የማሳደግ መብት። በ1944 ሜክሲኮ በስምምነት 1.5 ሚሊዮን አገኘች። (አንድ ኤከር ፉት ማለት አንድ ኤከር መሬት ላይ አንድ ፉት ጥልቀት የሚተኛ ውሃ ነው። 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ወይም 325,851 ጋሎን ይሆናል።)

ደምሩት። 17.5 ሚሊዮን ነው። ከ2000 ወዲህ ወንዙ በአማካይ የሚሰጠው ወደ 12.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፈራሚዎቹ የያዙት መረጃ ከወትሮው በጣም እርጥብ ከሆኑ ዓመታት የመጣ ነበር። ክረምቱ ጥሩ በሆነበት ዓመት መሬት እንደተከራየ ገበሬ ተዋዋሉ።

የላይኞቹ አራት ስቴቶች በ1948 እርስ በርስ ሲዋዋሉ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ከላይኛው ተፋሰስ ትንሽ ቁራሽ ላላት አሪዞና 50,000 ኤከር ፉት ሰጡና የቀረውን በመቶኛ ተካፈሉ። ኮሎራዶ 51.75፣ ዩታ 23፣ ዋዮሚንግ 14፣ ኒው ሜክሲኮ 11.25። ሲሶ አራሾች ሆኑ ማለት ነው። ወንዙ ሲቀንስ ለሁሉም ይቀንሳል። ማን ምን ያህል ይጎድልበት የሚል አዲስ ድርድር አያስፈልግም።

አባዬም የሚያካፍለው በጊዜ ነበር። ለአንዱ ከንጋት እስከ ቀትር፣ ለሌላው ከቀትር እስከ ማታ። ወንዙ ሲሞላ ያ ግማሽ ቀን ብዙ ውሃ ነው፤ በግንቦት ሲደርቅ ትንሽ ነው። ማንም ግን «ድርሻዬ ተቆረጠ» ብሎ አይከስም። ተራው አልተነካማ። ይኼን ያህል ጣሳ ውሃ ይገባሃል ብሎ ቃል ቢገባ ኖሮ በየግንቦቱ ደም ይፈስ ነበር። እኔ በበኩሌ እላለሁ፦ ወንዝ የሚካፈል ሰው በቁርጥ አይዋዋል። ኮሎራዶ ላይ ያለው ጣጣ ሁሉ፣ በየዓመቱ የምንሰማው «ቅነሳ» የሚባለው ነገር፣ ቁርጡን ወደ ድርሻ ለመመለስ የሚደረግ ዘግይቶ የመጣ ጥረት ነው።

አንዲት ቃልም አለች፣ ልብ በሏት። ውሉ የላይኞቹ ስቴቶች በየትኛውም ተከታታይ አሥር ዓመት በሊ ፌሪ የሚያልፈው ውሃ ከ75 ሚሊዮን ኤከር ፉት በታች እንዲወርድ «ምክንያት አይሆኑም» ይላል። የታችኞቹ ይኼን «75 ሚሊዮን ታደርሳላችሁ» ብለው ያነቡታል። የላይኞቹ ደግሞ «እኛ ወስደን ካጎደልነው ነው ተጠያቂ የምንሆነው፤ ሰማዩ ካጎደለው ግን እኛ ምክንያት አይደለንም» ይላሉ። የአህያዋና የጅቡ ተረት ትዝ ይላችኋል? ከታች ሆና እየጠጣች «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ያላት? «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የተባለው እዚያ ወንዝ ዳር ነው። እዚህ አገርም ሁለቱም ወገን ሌላው እያመካኘብኝ ነው ባይ ነው። ውል ስታነቡ «ማድረስ» ነው የሚለው ወይስ «አለማጉደል»? በሁለቱ መካከል በድርቅ ዘመን ሰማይና ምድር ያህል ርቀት አለ።

ሲጎድል መጀመሪያ የሚነካው ማነው?

የታችኛው ተፋሰስ 7.5 ሚሊዮን በ1928 በወጣ ሕግ ተከፋፈለ። ካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን፣ አሪዞና 2.8 ሚሊዮን፣ ኔቫዳ 300,000። የኛ ስቴት ድርሻ ያቺ ናት። ያኔ ቬጋስ ትንሽ የባቡር ከተማ ነበረች። አንድ የካሊፎርኒያ የመስኖ አካባቢ፣ ኢምፔሪያል ቫሊ፣ ብቻውን 3.1 ሚሊዮን ኤከር ፉት አለው። ከመላው አሪዞና ይበልጣል ማለት ነው። በብርድ ወራት የምትበሉት ሰላጣ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አሪዞና በዚህ ክፍፍል ተናድዳ የ1922ቱን ውል እስከ 1944 አላጸደቀችም። በ1934 አገረ ገዢዋ ለካሊፎርኒያ ውሃ የሚይዘውን የፓርከር ግድብ ሥራ ለማስቆም ወታደር ልኮ ነበር። በመጨረሻ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1963 ተወሰነላት። ነገር ግን ወደ ፊኒክስና ቱሳን የሚወስደውን ረጅም ቦይ ለመገንባት የፌዴራል ገንዘብ ሲያስፈልጋት በ1968 ከባድ ዋጋ ከፈለች። ውሃ ሲያንስ ከካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን በፊት የዚያ ቦይ ውሃ ይቀነስ ብላ ተስማማች። ፊኒክስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በዜና «አሪዞና ተቆረጠባት፣ ካሊፎርኒያ አልተነካችም» ሲባል ግራ አይግባችሁ። ምንጩ ይኼ ነው።

የውሃ አባቱስ ማነው? በታችኛው ተፋሰስ የፌዴራሉ የኢንቴሪየር ሚኒስትር ነው። ቬጋስ አጠገብ ሁቨር ግድብ ካቆረው ከሜድ ሐይቅ ማን ምን እንደሚወስድ በውል የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሥራውን የሚያካሂድለት ቢሮ ኦፍ ሪክለሜሽን የሚባለው የፌዴራል የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። በላይኛው ተፋሰስ እንደዚያ ያለ አንድ አዛዥ የለም። ይኼን ለአባዬ በስልክ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ የላይኛውን ቦይ ማን ይዘጋዋል?» አለኝ። ተደራዳሪዎቹም ዛሬ የሚከራከሩበት ዋና ነገር ይኸው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያልነበረውን ቁጠሩ

ቢሾፕስ ሎጅ ውስጥ ሰባት ስቴቶችና የፌዴራሉ ተወካይ ነበሩ። ሜክሲኮ አልነበረችም። የወንዙ ነባር ሕዝቦች አልነበሩም። በተፋሰሱ ውስጥ ዛሬ 30 በፌዴራል ዕውቅና ያላቸው ነባር ብሔሮች አሉ። ውሉ ስለነሱ የሚናገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ አሜሪካ ለነሱ ያለባትን ግዴታ ይኼ ውል አይነካም ይላል። በቃ። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1908 ለነሱ መሬት ሲከለል ውሃውም አብሮ እንደተከለለ ወስኖ ነበር። መብታቸው የሚቆጠረው መሬቱ ከተከለለበት ቀን ጀምሮ ነው። «ቀድሞ የጠለፈ» በሚለው ሕግ ከብዙ ከተሞች ይቀድማሉ። ብዙዎቹ ግን ያንን ውሃ እስከ ዛሬ በቧንቧ አላገኙትም።

ወንዙ ራሱም አልተወከለም። በአብዛኛው ዓመት ባሕሩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በ2014 ጸደይ አሜሪካና ሜክሲኮ ተስማምተው ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ለቀቁለት። ሳን ሉዊስ ሪዮ ኮሎራዶ በምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ሰው ልጆቹን ይዞ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውሃው ሲመጣ ተቀበለው። ቪዲዮውን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል።

ትነትም አለ። ከሜድና ከሌሎቹ ሐይቆች የሚተነው ውሃ በታችኛው ተፋሰስ ለብዙ ዘመን ከማንም ድርሻ ላይ አልተቀነሰም። ሐይቁ ጥሩ ዝናብ ባለበት ዓመት እንኳ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዓባይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዛችሁ ግብፅና ሱዳን በ1959 የተፈራረሙትን አንብቡ። የት ይለካል? አስዋን ላይ። በቁርጥ ነው ወይስ በድርሻ? በዋናው ነገር ቁርጥ ነው፤ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን። ትነት ተቆጥሯል? ተቆጥሯል፣ 10 ቢሊዮን። በዚህ ከኮሎራዶው ይሻላል። ማን አልነበረም? አብዛኛው ውሃ የሚነሳባት ኢትዮጵያ አልነበረችም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1922 ለላይና ለታች የተከፋፈለው 15 ሚሊዮን ኤከር ፉት ወደ ሜትር ኩብ ሲለወጥ 18.5 ቢሊዮን ይሆናል። ሰባት ስቴቶች መቶ ዓመት የተካሰሱበት ውሃ የሱዳንን የ1959 ድርሻ ያህላል። ይኼን ካሰላሁ በኋላ የዓባይን ክብደት በሌላ ዓይን ነው የማየው።

የኦገስቱ ወረቀት

አሁን ወደ ተግባር። ቢሮ ኦፍ ሪክለሜሽን በየወሩ አጋማሽ ላይ የሚያወጣው የ24 ወር ትንበያ አለ። በነጻ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ቅነሳ የሚወስነው የኦገስቱ ነው። ሠንጠረዡ ብዙ ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ ፈልጉ። በዲሴምበር መጨረሻ የሜድ ሐይቅ ከፍታ ስንት ይሆናል ተብሎ ተተነበየ? ከፍታው የሚለካው ከባሕር ወለል በላይ በፉት ነው።

እስከ 2026 መጨረሻ በሚሠራው ደንብ መሠረት ቁጥሩ ከ1,090 በላይ ከሆነ ቅነሳ የለም። ከ1,075 እስከ 1,090 ከሆነ ኔቫዳ 8,000 ኤከር ፉት ትተዋለች፣ አሪዞና 192,000። ከ1,050 እስከ 1,075 አንደኛ ደረጃ እጥረት ይባላል፤ ኔቫዳ 21,000፣ አሪዞና 512,000። ከ1,050 በታች ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ኔቫዳ ቢያንስ 25,000፣ አሪዞና ቢያንስ 592,000። ካሊፎርኒያ የምትነካው ከ1,045 በታች ሲወርድ ነው። ከ1,025 በታች ሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። 895 ላይ ከደረሰ ውሃው በሁቨር ግድብ በኩል ማለፍ ያቆማል።

አንደኛ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወጀው በኦገስት 2021 ነው። በ2022 ሰመር ሐይቁ 1,040 አካባቢ ወርዶ ነበር። ያኔ ሐይቁ ዳር ሄጄ በዓለቱ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አየሁት። ውሃው የነበረበትን ከፍታ ያሳያል። ቀና ብዬ ነው ያየሁት።

ከ2026 በኋላ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፣ አዲስ ደንብ ይተካቸዋል። አዲሱን ስታነቡ ግን ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ። በተለይ አንዱን፦ ቁርጥ ነው ወይስ ድርሻ?

ለእማማ የመለስኩት

የኔቫዳ 300,000 የሚቆጠረው ከሐይቁ በወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። የተመለሰው ይቀነስላታል። በቬጋስ ሸለቆ በሲንክ፣ በሻወር፣ በመጸዳጃ ቤት የወረደው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው ፈፋ በኩል ሜድ ሐይቅ ይመለሳል። 450,000 ወስደን 200,000 ብንመልስ በሂሳባችን ላይ የሚጻፈው 250,000 ነው። ሳር ላይ የተረጨው ግን ወደ ሰማይ ሄደ። አይመለስም። ስለዚህ ነው ለሳሩ የሚከፍሉት።

አንድ ስኩዌር ፉት ሳር ሲነሳ በዓመት 55 ጋሎን ይተርፋል። ወደ 6,000 ስኩዌር ፉት ሳር ከተነሳ አንድ ኤከር ፉት ውሃ ሐይቁ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የእማማ ሳር 900 ነበር። «እንደርስዎ ካሉ ስድስት ጎረቤቶች ጋር ሆነው አንዱን ኤከር ፉት ሞልተውታል» አልኳቸው፤ ደስ አላቸው።

እናንተም ለማስነቀል ካሰባችሁ አደራ፣ ማመልከቻው ይቅደም። መጥተው ሳሩን በሕይወት እያለ ማየት አለባቸው። አንድ ወንድማችን ዓርብ ነቅሎ ሰኞ አመለከተ፤ አንድ ሳንቲም አላገኘም። አዲሱ ተክል ሲያድግ ቢያንስ ግማሹን ቦታ በጥላው መሸፈን አለበት፤ ጠጠር ብቻ አፍስሳችሁ አይሆንም፣ ግቢውም ይፋጃል። የጠብታ መስኖው ማጣሪያና የግፊት መቀነሻ ይኑረው።

ሳራችሁን የምታቆዩ የቬጋስ ሰዎች ደግሞ ታይመሩን በየወቅቱ ቀይሩ። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በማርችና በኤፕሪል ሦስት ቀን። ከሜይ እስከ ኦገስት ስድስት ቀን፣ እሁድ ክልክል ነው፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስፕሪንክለር አይከፈትም። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወደ ሦስት ቀን ይመለሳል። ብዙ ቤት ገብቼ የማየው ስህተት አንድ ነው፤ የሰመሩ ፕሮግራም የብርዱን ወራት ሙሉ ሳይቀየር መቆየቱ። ኖቬምበር 1 ከመድረሱ በፊት ወደ ጋራዥ ውጡና ታይመሩን ክፈቱት። ስንት ቀን ላይ እንደተሞላ እዩ።